ጥለቱ ወደ ላይ የወጣ የሰርግ ካርድ

ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ወረቀት ደረቅ ሆኖ አያውቅም። ዝናቡ ቢያባራ እንኳ እርጥበቱ ከግድግዳውም ከሰው ልብስም አይለቅም። እኔ ደግሞ የምተዳደረው በወረቀት ነበር። መናኸሪያው አጠገብ በነበረች ጠባብ ክፍል ውስጥ ኮምፒዩተር፣ ስካነርና ባለቀለም ፕሪንተር ይዤ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ። ልቤ ግን ሌላ ሥራ ላይ ነበር፤ ለካርድ የሚሆን ያጌጠ ወረቀት መሥራት። ሁላችንም «ባክግራውንድ» ነበር የምንለው። የቡና አበባ፣ የእንሰት ቅጠል፣ የሰው ቀሚስ ሳይቀር ስካነሩ መስታወት ላይ አስተኝቼ አነሳና ኮምፒዩተሩ ላይ ቀለሙን አደብዝዤ፣ ጽሑፍ እንዲያርፍበት አመቻችቼ በወፍራም ወረቀት አትመዋለሁ። ከዚያ በመቀስ ቆርጬ፣ ባለቀለም ካርቶን ላይ ለጥፌ፣ በሪባን ሳስረው የበዓል ወይም የሰርግ ካርድ ይሆናል። የታተመው ወረቀት በእርጥበቱ እንዳይጠቀለል ፍራሼ ስር አስተኛዋለሁ። እናቴ «እንቁላል የታቀፈች ዶሮ» ትለኝ ነበር።

ታላቅ እህቴ ልታገባ ስትል ካርዱን ማን ይሥራው የሚል ጥያቄ አልተነሳም። ሙሽራው እዚሁ አጠገባችን ባለችው አማን ከተማ የሚሠራ፣ ቴፒ ተወልዶ ያደገ ሰው ነው። ወላጆቹ ከወሎ መጥተው የቡና ልማቱ ውስጥ ኖረዋል፤ አባቱ እሱ ገና ተማሪ ሳለ ሞተዋል። እነሱ ኦርቶዶክስ፣ እኛ ደግሞ የአገሬው ተወላጅ፣ ጴንጤ። ሁለቱን ቤተ ክርስቲያን ላለማጣላት ጋብቻው በማዘጋጃ ቤት እንዲሆን ሽማግሌዎች መከሩ። የሙሽራው እናት «እናንተ ካላችሁ» ብለው ፈቀዱ። እመጣለሁ ግን አላሉም። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ሰርግ ቤት ገብተው አያውቁም ይባላል።

እህቴን እንቅልፍ የነሳት ይህ ነበር። ሙሽሪትን ደጃፍ ላይ ቆማ የምትቀበላት አማት ናት።

«እሳቸው ቆመው ካልተቀበሉኝ እዚያ ቤት የምገባው እንደ ሌባ ነው» ትላለች። ስትለው ታለቅሳለች፤ ስታለቅስ እኔም አለቅሳለሁ።

እንግዲህ ካርዱ እሳቸውን ደስ እንዲያሰኝ አስቤ፣ በሽማግሌዎቹ እጅ ለእህቴ የላኩላትን ነጠላ ስካነሩ ላይ ዘረጋሁት። ስክሪኑ ላይ ሲወጣ ክሩ አንድ በአንድ ይታያል። ነጩን ሸማ ጀርባ፣ ወይን ጠጅና ወርቅማውን ጥለት የግርጌ ጌጥ አደረግኩት። ችግሩ ጽሑፉ ነበር። የሁለቱም ወገን አክብሮ ጠሪ በዛ፤ አንዱ አጎት ገብቶ ሌላው እንዴት ይቀራል? መስመሩ እየወረደ፣ እየወረደ ሄዶ ሰዓቱና ቦታው ጥለቱ ላይ አረፈ፤ አልነበብ አለ። ጥለቱን አንስቼ አናት ላይ ሰቀልኩት። እንደ መጋረጃ ሆኖ አማረብኝ። የመጀመሪያውን ክምር በማለዳው መኪና ለሙሽራው እናት ላክሁና ለራሴ አጨበጨብኩ።

ጎረቤቴ ከሸዋ የመጡ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። ካርዱን ስሰጣቸው ገና ከፖስታው ሲያወጡት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ውይ! ማን ሞተብሽ?»

«ኧረ ማንም አልሞተም እትዬ። የእህቴ ሰርግ ነው!»

«ሰርግ?» አሉና አነበቡት። «ታዲያ ለምን አዘቀዘቅሽው?»

ገልብጬ የለጠፍኩት መስሎኝ ተቀብዬ አየሁት። ጽሑፉ ቀጥ ብሎ ይነበባል። አዙሬ ጀርባውን አየሁት። ምንም የለም። እትዬ ግራ መጋባቴን አይተው ከመደርደሪያው ነጠላ አወረዱና ለበሱት፤ ጥለቱ ወደ ታች ወረደ።

«ይኼ የደስታ ነው» አሉ። ከዚያ ገለበጡት፤ ጥለቱ ወደ አንገታቸው ወጣ። «ይኼ የለቅሶ። አንቺ ልጅ፣ ለቅሶ ቤት ሄደሽ አታውቂም?»

ሄጃለሁ እንጂ! ስንት ለቅሶ ቤት ተቀምጫለሁ፤ ዓይኔ የት እንደነበር አላውቅም። እኛ ቤት ነጠላ የሚለበሰው ለብርድ ነው፤ ጥለቱ የትም ይዋል። ካርዱን ይዤ ለእናቴ የጸሎት ባልንጀሮች አሳየሁ። «እንዴት ያምራል!» አሉ። አንዷ ምሳው መቼ እንደሚቀርብ ጠየቀችኝ። ወጥቼ ካርዱን ደግሜ አየሁት። ያው አንድ ወረቀት አንዱ ቤት ሰርግ፣ ሌላው ቤት ለቅሶ ሆነብኝ። የትኛው ነው ትክክል? ወረቀቱ ምንም አይል፤ እኔም ምንም አልገባኝ።

ነገሩን ብነግራት እህቴ ቴፒ ደወለች። ድምፁን ሁለታችንም እንሰማ ዘንድ ስልኩን በመካከላችን ይዘነው ነበር።

«ካርዱ ደርሶኛል» አሉ የሙሽራው እናት። «ደግሞ በኔው ነጠላ» አሉ፤ ስልኩም ተቋረጠ። ኔትወርኩ ይቁረጠው እሳቸው ይዝጉት አላወቅንም። ብንደግመው አልሠራ አለ።

እህቴ አልጋዋ ላይ ተደፋች። እኔ ሱቄን ከፍቼ ፊደሉን አሳነስኩ፣ ሁለት አጎት ቀነስኩ፣ ጥለቱን ወደ ግርጌው መለስኩት። መብራት ሄደ፤ ጠበቅኩ። መጣ፤ አተምኩ። አዲሶቹን ካርዶች በላስቲክ ጠቅልዬ ይቅርታ ልጠይቅ ቴፒ ወረድኩ። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን እየደገምኩ ነበር። «እማማ፣ አላውቅም ነበር» ልል ነው። ነገር ግን የሰርግ ካርድ ሠሪ ነኝ የሚል ሰው አላውቅም ነበር ሲል ማን ያምነዋል?

ቤታቸው ከቡናው ዳር ነው። ደጅ ድረስ ወጥተው አገላብጠው ሳሙኝ። ፊታቸው ላይ ቁጣ ፈለግኩ፤ አጣሁ። ይህ ይበልጥ አስፈራኝ። ውስጥ ገብተን ስንቀመጥ ግድግዳው ላይ የባለቤታቸው ፎቶ ነበር። ከፍሬሙ ጠርዝ የኔ ካርድ ተሰክቷል።

«ልጄ ነው አይደል እንዲህ አርጊው ያለሽ?» አሉኝ።

መልሴን ሳይጠብቁ ቀጠሉ።

«አባቱን ከቀበርን ወዲህ ስሙን አንስቶ አያውቅም። እኔ ካነሳሁት ብድግ ብሎ ይወጣል። ረስቶታል ብዬ እንደው አንጀቴ ነው ያረረው። አባት እንዳልነበረው ሊዘፈንለት ነው፣ እኔ እዚያ ምን ላደርግ እሄዳለሁ ብዬ ቆርጬ ነበር።» ወደ ካርዱ አዩ። «ይሄን ሲልክልኝ ግን የኔ ልጅ፣ ሐዘናችንን ከደስታው በላይ አስቀመጠልኝ። ደግሞ በኔው ነጠላ። እመጣለሁ። እንዴት እቀራለሁ?»

አዲሶቹ ካርዶች ጭኔ ላይ ናቸው። ላስቲኩ እንዳይንኮሻኮሽ በሁለት እጄ ይዤዋለሁ። አዎ ብል ውሸት ነው፤ አይደለም ብል አይመጡም፣ እህቴም ደጃፍ ላይ ብቻዋን ትቀራለች። እኚህ ሴት ያገኙት መጽናናት ደግሞ በኔ አላዋቂነት የመጣ ነው። ልነግራቸው ይገባኛል ወይስ አይገባኝም? እግዚአብሔርን በልቤ ጠየቅሁት።

«እሱ ራሱ ቢነግርዎት ይሻላል እማማ» አልኩ።

ይህ ብልሃት ይሁን ፍርሃት እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

«ልክ ነሽ» አሉ። «ከአፉ ነው የምሰማው። እዚያው ደጃፉ ላይ እጠይቀዋለሁ።»

ለእህቴ «ይመጣሉ» ብቻ አልኳት። ሌላውን ብነግራት ሌላ ለቅሶ ይነሳል። ሙሽራውን ግን አማን ሄጄ ቤቱ ደጅ ዳስ ሲጥል አገኘሁት። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። መዶሻውን ይዞ ቆመ።

«እኔ እኮ አላዘዝኩም።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን እላታለሁ?»

«እኔ ምን አውቄ!» አልኩት፤ ሳላስበው ጮህኩበት። ፊቱን አዞረና በደንብ የቆመውን የዳስ እንጨት መምታት ጀመረ።

የሰርጉ ዕለት ዝናቡ ለትንሽ ጊዜ አዘነልን። ሚዛን ያሉ ዘመዶች የያዙት አዲሱን ካርድ፣ የቴፒዎቹ የፊተኛውን ስለነበር ዳሱ ውስጥ የሚያስተያዩ ሰዎች አየሁ፤ ሰርጉ የአንድ ሰው መሆኑን የተጠራጠሩም ሳይኖሩ አልቀሩም። እኔ ዓይኔን ከደጃፉ አልነቀልኩም። እናትየው ቆመዋል፤ ነጠላቸውን ጥለቱን ወደ ታች አድርገው ለብሰዋል። እህቴ ጉልበታቸውን ልትስም ስታጎነብስ ቀና አደረጓትና ጉንጯን ደጋግመው ሳሟት። እልልታው ቀለጠ። አበቃ፣ ተረፍን አልኩ።

አላበቃም። ልጃቸውን አንገቱን ያዙት።

«አንተ ነህ ያን ካርድ ያሠራኸው?» አሉት፤ ሰው ሁሉ ሰማ።

ወደ እኔ አየ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

«እማዬ» አለ። «አባዬ ይቺን ቀን…» ከዚያ ወዲያ መናገር አልቻለም። አዎ አላለም፤ አይደለም አላለም። በሙሉ ልብሱ፣ ሚዜዎቹ ከግራ ከቀኝ እንደቆሙ፣ እንደ ሕፃን ልጅ ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ። እናቱም አብረውት አለቀሱ። አጃቢው እልል ይበል ይዘን አላወቀም፤ ግማሹ ማጨብጨቡን ሲያቆም ግማሹ ቀጠለ።

እህቴ ክንዴን ያዘችኝ። ባሏን እንዲህ ሆኖ አይታው አታውቅም።

«ምን ሆኖ ነው?» አለችኝ በጆሮዬ።

«አባቱ ሞተውበት ነው» አልኳት።