ከቦዩ ያስወጣን ደወል

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ሰኔ መግቢያ ላይ፣ እዚሁ መካነ ሰላም ነው። እስከ ዛሬ የቀብር ደወል ስሰማ ከሐዘኑ በፊት አንድ ደስታ ሽው ይልብኛል። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

ከገበያችን በላይ ጎርፍ እንዲወርድበት በድንጋይ የተገነባ ሰፊ ቦይ አለ። ክረምቱ እስኪጠና ደረቅ ስለሆነ መረብ ዘርግተን ቮሊቦል እንጫወትበታለን። የዚያን እሑድ እኛ ነጋዴዎች ከመንግሥት ሠራተኞች ጋር ለዋንጫ ገጠምን። ሁሌም እነሱ ናቸው የሚረቱን። የዚያን ቀን ግን ለማሸነፍ አንድ ነጥብ ቀረን፤ ሰርቩም የእኔ ነበር።

ክንዴን ሳነሳ ከላይ ከቤተ ክርስቲያኑ የቀብር ደወል ተሰማ። እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ክርስቲያን ሙስሊም ሳይል ሁሉም የያዘውን ጥሎ ይነሳል። የቡድናችን አለቃ ጋሽ ሰይድ ወዲያው መረቡን መፍታት ጀመሩ።

"ጋሽ ሰይድ፣ አንዲት ኳስ ብቻ" አልኳቸው።

"ሰው ሞቶ ኳስ? ወላሂ አይሆንም፣ ውጣ አንተ።"

ተመልካቹም ተጫዋቹም ጋቢውን እያነሳ ወጣ። እኔ እያጉረመረምኩ መጨረሻ ወጣሁ።

"የማን ቤት ይሆን?" እየተባባልን ዳገቱን ስንጀምር ከኋላችን አንዳች ነገር አጓራ። ዞር ስንል ቦዩ እስከ አፉ ሞልቷል። እኛ ላይ ጠብታ አልወረደም፤ ዝናቡ የጣለው ደጋው ላይ ነበር። ጋሽ ሰይድ እየዞሩ የሁላችንንም ስም ጠሩ። አንድም ሰው አልጎደለም።

ቤተ ክርስቲያኑ ስንደርስ ቄሱ፣ አባ ተክሌ፣ የደወሉን ገመድ እንደያዙ ነበሩ።

"ማን ሞተ፣ አባ?"

"አብሽሩ፣ ማንም አልሞተ" አሉ እያለከለኩ። "ውሃው ሲመጣ ከዚህ አየሁት። ጎርፍ መጣ ብዬ ብጮህ ለኳሱ የሚጮህ ነው ትላላችሁ። ለቀብር ግን ማን ይቀራል ብዬ ነው።"

ለቀብር የወጣነው ሰዎች እልልታውን አቀለጥነው። ቦዩ ከመሠራቱ በፊት ሱቃችን ይገባ የነበረው ውሃም በቦዩ አለፈ።

ቦዩ ሲደርቅ ጭቃውን ጠርገን ተመለስን። ያቺን ኳስ መታሁ፤ አሸነፍን። ዋንጫውን ሁለታችንም ቡድኖች ተሸክመን አባ ተክሌ ቤት ወሰድነው።

"እኔ መች ተጫወትኩና?" አሉ።

"አባ፣ በአንድ ደወል ሁለቱንም ቡድን ከሜዳ ያስወጣ ከእርስዎ ሌላ ማን አለ?" አሏቸው ጋሽ ሰይድ።

ስንት ዓመት የተመኘሁት ዋንጫ አሁን የሳቸው መደርደሪያ ላይ ነው። ባለፍኩ ቁጥር ጎራ ብዬ አየዋለሁ፤ ደረቴም ይነፋል። ዘንድሮም እንጫወታለን። ደወሉ ከተሰማ ግን ኳሷን ጥሎ ቀድሞ የሚወጣው እኔ ነኝ።