ፊት የሌለው ፎቶ

ልጅ ሳለሁ ከከረሜላ ይልቅ የምሳሳው ለፊልም ነበር። በአንድ ፊልም ሃያ አራት ጊዜ ብቻ የምታነሳ ርካሽ የፕላስቲክ ካሜራ ነበረችኝ፤ አጎቴ ነው የገዛልኝ። አነሳሱን ማንም አላስተማረኝም። ፀሐይ ስትጠልቅ ደመና ከሌለ ሰማዩ ባዶ ሆኖ እንደሚቀር ያወቅሁት ብዙ ፊልም አበላሽቼ ነው።

የምንኖረው ፈረንጅ አገር፣ ከአሌክሳንድሪያ አጠገብ፣ ስካይላይን ከሚባሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ የፓርኪንጉ ጣሪያ ላይ እወጣለሁ። ቀን የሞቀው ሲሚንቶ ዘይትና ጎማ ይሸታል። ከታች መኪናው ሳያቋርጥ ያጓራል፤ ከላይ ግን ሰው የለም። ፀሐይዋ ስትወርድ የሕንፃዎቹ መስኮቶች ሁሉ ባንድ ጊዜ ይቀላሉ፤ በየቤቱ እሳት የተነሳ ይመስላል፣ አንድም ሰው ግን አይጮህም። ያ ዝምታ ያስፈራኝ ነበር። እየፈራሁም እወጣ ነበር።

እዚያ የማገኘው ሰው አንድ ብቻ ነው፤ አባባ ጌታነህ። ልጃቸው ሶስና ከአገር ቤት አስመጥታቸው ከእኛው ፎቅ ላይ ይኖራሉ። ሐኪም ተራመዱ ስላላቸው አመሻሽ ላይ ጣሪያውን ይዞራሉ። ባዩኝ ቁጥር "እስቲ አንሳኝ" ይሉኛል፤ እኅታቸው ፎቶ ላክልኝ እያለች ትነዘንዛቸዋለች።

"ፊልም የለኝም አባባ።"

"ለእሷ ሲሆን አለህ?" ይላሉ ፀሐይዋን በአገጫቸው እያሳዩ። "እሷ እኮ ነገም ትመጣለች። እኔን እንጃ!"

እሳቸው ይስቃሉ። እኔ አልስቅም። ቆጣቢ ነኝ እል ነበር፤ ስስታም ነበርኩ።

አንድ ቀዝቃዛ ምሽት ሰማዩ አይቼው የማላውቀውን ቀለም ያዘ፤ ከሥሩ ደም መሰለ፣ ከላይ ጠቆረ። ካሜራዬ ውስጥ የቀረው ሁለት ፎቶ ነው። አባባ ከግንቡ ጥግ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ብርሃኑ ከጀርባቸው ስለሆነ የሚታየኝ ጥቁር ቅርጽ ብቻ ነው፤ ፊት የላቸውም። አንድ እጃቸውን ወደ እኔ ዘርግተዋል።

"አንሳኝ" አሉ ቀስ ብለው።

ዛሬስ እሺ አልኩ በልቤ፤ ቀዩ ሰማይና ጥቁሩ ሰው አብረው አማሩኝ። "አይንቀሳቀሱ" አልኳቸው። አልተንቀሳቀሱም። አነሳሁ።

"አንሳኝ" አሉ እንደገና።

"እጅዎን እንደዚያው ያቆዩት" ብዬ ደገምኩ።

"ልጄ" አሉ፣ "ከመሬት ነው የምልህ።"

ሮጬ ስደርስ አንድ እግራቸው ከሥራቸው ታጥፏል። ላነሳቸው ብሞክር አቃተኝ። ወርጄ ሶስናን ጠራሁ፤ አምቡላንስ መጣ። ዳሌያቸው ተሰብሮ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ "ይሄ ልጅ ባይደርስላቸው ኖሮ!" እያለ ሳመኝ። ማመስገን የማይሆንለት አባቴ እንኳ ራሴን ዳበሰኝ። እኔም ዝም ብዬ ተመሰገንኩ።

ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ እስከ ዛሬ ካነሳሁት ሁሉ የሚበልጥ ነበር። ደግሜ ላየው ስላልቻልኩ ከመሳቢያዬ ሥር ደበቅሁት። ልንጠይቃቸው ስንሄድ በሰው ፊት "ያቺ ፎቶ ወጣች?" አሉኝ።

"ፊልሙ ተቃጠለ" አልኩ።

ትኩር ብለው አዩኝ። "ይሁን፤ እኔም አልተዘጋጀሁም ነበር" ብለው ፈገግ አሉ። ለማንም አልተናገሩብኝም።

በኋላ ሶስና ወደ በልትስቪል ይዛቸው ሄደች። ሲሞቱ ለቅሶ ደረስን። ጠረጴዛ ላይ የሚቆም ፎቶ ቢፈለግ ከፓስፖርታቸው የተባዛ የደበዘዘ ምስል ብቻ ተገኘ። ሶስና "አንድ ደህና ፎቶ እንኳ ሳይነሱ!" እያለች ስታለቅስ እኔ ከአባቴ ጎን አቀርቅሬ ተቀምጫለሁ። እቤት የደበቅሁት ፎቶ ፊት የለውም፤ ወጥቶ ቢቆም ለቀስተኛው የሚያየው የተዘረጋ እጅ ብቻ ነው።

ዛሬ ሲልቨር ስፕሪንግ እኖራለሁ፤ የልጆች አባት ነኝ። አሁንም የምትጠልቅ ፀሐይ አነሳለሁ፣ በስልኬ። የዘንድሮ ስልክ ጥላ ውስጥ ያለን ሰው ራሱ አብርቶ ፊቱን ያወጣዋል። ያኔ ይሄ ቢኖረኝ ኖሮ እላለሁ፤ ወዲያው ግን ራሴን እገስጻለሁ። ሰባት እርምጃ ርቄ ቆሜ ሁለት ዓይን ነበረኝ። ልጆቼንም የምመክራቸው ይህንኑ ነው፤ ሳያዩ ማንሳት ጥፋት ነው፣ ያልተገባን ምስጋና ተቀብሎ ዝም ማለት ግን ከዚያ ይብሳል። የመጀመሪያው የልጅነት ነበር። ሁለተኛውን እያወቅሁ ነው ያደረግሁት።

ያኔ በሃያ አራት ፎቶ እሳሳ ነበር፤ አሁን ቁጥር የለውም። ሰማዩ ሲቀላ ግን ስልኬን ከማውጣቴ በፊት ዙሪያዬን አያለሁ። ብቻውን የተቀመጠ ሽማግሌ ካየሁ ቀርቤ ደህና መሆኑን እጠይቃለሁ። ልጄ ከኋላዬ ትጮሃለች፦

"ዳዲ፣ ሚስ ልታደርገው ነው እኮ!"

አብዛኛውን ጊዜ እውነቷን ነው፤ ያመልጠኛል። ስመለስ ሰማዩ አመድ ሆኖ ይጠብቀኛል።