ደመወዝ የሌላቸው ዋሶች

ቁስቋም አጠገብ ባለ የቁጠባና ብድር ማኅበር በጽዳት ስቀጠር የልጅ ልጅ አይቼ ነበር። የመጀመሪያ ቀን ወለሉን ወልውዬ ስጨርስ ሥራ አስኪያጁ በር ላይ ወንበር አኖረልኝ። «እማማ፣ ተራም ያስከብሩልኝ» አለኝ።

ለዚህስ ተፈጥሬአለሁ። አንድ ነጋዴ ማኪናውን አቁሞ «ቸኩያለሁ» እያለ ሊያልፍ ሲል፣ «ከዚያች ነፍሰ ጡር ኋላ ሆነህ ቸኩል» አልሁት። ተሰለፈ።

በመስከረም የትምህርት ብድር ጠያቂ ይበዛል። ማመልከቻው ቀላል ነው፤ ከባዱ ደመወዝተኛ ዋስ ማግኘት ነው። ተበዳሪው ካልከፈለ ከዋሱ ደመወዝ ይቆረጣል።

አንድ ዓመት ማስተዋል የምትባል ልጅ ከአባቷ ጋር ከደጋው፣ ከመካነ ብርሃን መጣች። ነርስነት ልትማር ኮሌጅ ተቀብሏታል፤ ምዝገባው በማግስቱ ይዘጋል። ጋቢ የለበሱ ሦስት ሽማግሌዎች ተከትለዋቸዋል። ተራቸውን ጠብቀው ገቡ፤ እኔም በሩን ይዤ እሰማለሁ።

«ዋስ የታለ?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ይኸው፣ ሦስት!» አሉ አባቷ።

«ደመወዝ አላቸው?»

ትልቁ ሽማግሌ፣ አያ ውበቱ፣ ሳቁ። «ምነው ልጄ! ደም ለተቃቡ ሰዎች ዋስ ሆኜ አስታርቄአለሁ። ደመወዝህን አሳየኝ ያለኝ የለም።»

መመሪያ መመሪያ ነው፤ ለማንም ይጣስ አልልም። ልጅቱ ወረቀቷን አጥፋ ስትነሣ ግን አላስቻለኝም።

«እኔ ደመወዝ አለኝ» አልሁ።

«እማማ፣ አያውቋትም እኮ!»

«እኒህ ያውቋታል።»

አያ ውበቱ ወደ እኔ ዞሩ። «እንግዲያ እኅቴ፣ አንቺ ለልጅቱ፣ እኛ ላንቺ።» ሦስቱም በየተራ ቆመው «ዋስሽ ነኝ» አሉኝ። ብድሩ የአንድ ዓመት ክፍያ ብቻ ስለነበር ደመወዜ በቃ። ፈረምሁ።

ማስተዋል ተመረቀች፤ ሥራ ግን ቶሎ አላገኘችም። የብድሩ መክፈያ ደርሶ ከደመወዜ መቆረጥ ሲጀምር ባልደረቦቼ «ደጋው በላዎት!» እያሉ ሳቁብኝ። ለልጅቱም ለማንም አልተናገርሁም።

ወሬው እንዴት እንደደረሳቸው አላውቅም፤ አንድ ቅዳሜ አያ ውበቱ ከአውቶቡስ ጣሪያ ገብስ አስወርደው፣ በተሸካሚ አስይዘው ቤቴ መጡ።

«ሸጠሽ የተቆረጠብሽን ተኪ።»

«ሸጋ ገብስ ነው አያ፣ ለልጆችዎ አይሻልም?»

«ዋስሽ ነኝ ብያለሁ። አታስዋሺኝ።»

የቀረውን ዕዳ ማስተዋል ጠዳ ከተማ ሥራ ስታገኝ ራሷ ከፈለች።

አሁን ሥራ ለቅቄአለሁ። በዚያ በር ለምትቀመጡ የምለው ይህ ነው፦ ተራ ይከበር፤ መመሪያውም ይከበር። ደመወዝ የሌለው ዋስ ሲመጣ ግን አታሰናብቱት፤ ደመወዝ ካለው ሰው ጋር አገናኙት።