የቨርና አውቶቡስና የዌንዴል መርፌ

ቨርና ኪትልሰን የትምህርት ቤት አውቶቡስ የምትነዳው መንዳት ስለምትወድ አይደለም፤ ከሥራው ጋር ለቤተሰብ የሚሰጠውን የሕክምና ኢንሹራንስ ብላ ነው። በእኛ በዊስኮንሲን ገጠር የላም አርቢ ሚስት ወይ ትምህርት ቤት ወይ ሆስፒታል ትቀጠራለች፤ ወተቱ ቤተሰቡን ያበላ እንደሆነ እንጂ አያሳክምም። ባሏ ዌንዴል የመገጣጠሚያ በሽታ አለበት። መርፌው ከተቋረጠ ጣቶቹ ይቆለመሙና የማለቢያውን ማሽን እንኳ ላሟ ጡት ላይ መግጠም ያቅተዋል። አንዴ በራሳቸው ኢንሹራንስ ሊገዙ ዋጋ ጠይቀው ነበር። ዌንዴል ሻጮቹ የጠሩትን ዋጋ ሰምቶ "ላሞቹንም ጨምራችሁ ነው?" አላቸው።

እኔ አርዲስ ነኝ፤ በዚያው አውቶቡስ ከኋላዋ ተቀምጬ ልጆቹን እጠብቃለሁ። በረዶው በበረታበት አንድ ጠዋት የሁበር ቤተሰብ ልጅ መንገድ ዳር ቆማ እያየችን ጥለናት አለፍን።

"ቨርና፣ ልጅቷን አለፍሻት እኮ።"

መንዳቷን ቀጠለች። ትንሽ ቆይታ ከእንቅልፍ እንደነቃ ሰው ደንገጥ አለችና "ፀሐይዋ ዓይኔን ወጋችኝ" አለች። ፀሐይ የምትባል ነገር ካየን ሰንብተናል።

ተመልሰን ልጅቷን ጫንን። ትምህርት ቤት አውርደናቸው ብቻችንን ስንቀር አፋጠጥኳት።

"የመጀመሪያሽ ነው?"

"አይደለም። ድንገት ሁሉም ነገር ጥፍት ይልብኛል፣ ከዚያ ይመለሳል።"

"ሐኪም አየሽ?"

"ሐኪም ካየኝ መንጃ ፈቃዴን ይነጥቁኛል። እሱ ከሄደ ሥራው ሄደ፤ ሥራው ከሄደ የዌንዴል መርፌ ሄደ። ትምህርት እስኪዘጋ ዝም በይልኝ፣ በሞቴ።"

"ከኋላሽ የሚቀመጡትስ የማን ልጆች ናቸው? እስከ ነገ ማታ ራስሽ ካልተናገርሽ እኔ እናገራለሁ።"

ተናድጄ ነበር። በእሷ ግን አልነበረም። የሰውን መድኃኒት ከመኪና መሪ ጋር ያሰረው ማን እንደሆነ ባውቅ፣ እሱን ነበር የልቤን የምነግረው።

በማግስቱ ባቡር ሐዲዱ ጋ ደረስን። እዚያ በሕጉ አውቶቡስ ይቆማል፣ በር ይከፈታል፣ ልጆቹ ዝም ይላሉ፣ ሾፌሯ ባቡር ይመጣ እንደሆነ ታዳምጣለች። ቨርና ቆመች፣ በሩን ከፈተች፣ ጣቷን አነሳች። ከጥዶቹ ጀርባ የባቡሩ ጡሩምባ ተሰማ። ያን ጊዜ አውቶቡሱ ቀስ እያለ ወደ ፊት መንሸራተት ጀመረ። በመስታወቱ አየኋት፤ ዓይኖቿ ተከፍተዋል፣ የሚያዩት ነገር ግን የለም። ስሟን ጠራሁ። በትከሻዋ ላይ ተንጠራርቼ የእጅ ፍሬኑን ሳብኩት። ባቡሩ በተከፈተው በር ብርዱን እየነፋብን ፊት ለፊታችን አለፈ። ልጆቹ ፉርጎ እየቆጠሩ ይከራከሩ ነበር፤ ምንም አላወቁም።

ቨርና ስትነቃ እጄን ፍሬኑ ላይ አየችው። እኔ አፌን ሳልከፍት የአውቶቡሱን የመገናኛ ሬዲዮ አነሳች።

"ሌላ ሾፌር ላኩልኝ።"

"አውቶቡሱ ምን ሆነ?"

"አውቶቡሱ ደህና ነው። የታመምኩት እኔ ነኝ።"

ቤቷ ያደረስኳት እኔ ነኝ። ዌንዴል በረት ውስጥ ነበር። ሁሉንም ነገረችው። እጁን በጨርቅ ሲጠርግ፣ ሲጠርግ ቆየና "እንግዲህ ላሞቹን እንሸጣለን" አለ።

"አበድክ እንዴ?"

"ላሞቹ ከሄዱ ገቢ የለን። ገቢ የሌለውን ድሃ መንግሥት ያሳክመዋል። እስከ ዛሬ የጎዳን ድህነታችን ማነሱ ነው።"

ሊያስቀን ብሎ ነው። ማናችንም አልሳቅንም።

በረዶው ሲቀልጥ ላሞቹ ተጫኑ፤ የሽያጩን ገንዘብ ባንኩ ለዕዳው ወሰደው። ቨርና አሁን በመንግሥት ወጪ ትታከማለች። የዌንዴልም መርፌ አልተቋረጠም። ባለፈው ልጠይቃቸው ስሄድ ባዶው በረት ውስጥ ብቻውን ቆሞ አገኘሁት። ጣቶቹን ዘርግቶ አሳየኝ፤ ቀጥ ብለዋል፣ እብጠቱም ጠፍቷል።

"እዪያቸው እስቲ አርዲስ፤ እንዲህ ደህና ሆነውልኝ አያውቁም" አለኝ። ከዚያ የሚሠራባቸው ነገር ስላጣ ኪሱ ከተታቸው።