ግማሽ ራስ

ባሌ ፈሪ ነው። ይህን የምለው ላማው ብዬ አይደለም፤ ራሱም አይክድም። ሠፈሩ «ቆይማ» የሚል ስም ያወጣለት ምን ቢጠየቅ አስቀድሞ «ቆይማ» ስለሚል ነው። ሊያገባኝ ሽማግሌ ልኮ አባቴ «ልጄን ትወዳታለህ?» ቢሉት እንኳን «ቆይማ» ብሎ ቤቱን በሳቅ አፍርሶት ነበር።

ሥራው ፀጉር ቆራጭነት ነው። ቤታችን ከፊቱ ፀጉር ቤት፣ ከጀርባው መኖሪያ ሲሆን የሚለያቸው አንድ መጋረጃ ብቻ ነው። እኔ ፎጣ አጥባለሁ፣ የወደቀ ፀጉር እጠርጋለሁ፣ መጋረጃውን አልፎ የሚመጣውን ወሬ ሁሉ እሰማለሁ።

ያን ሰሞን ከመጋረጃው ጀርባ ሴት ልጃችን ነበረች፤ ባሏ መንገድ ላይ የሚውል የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ልትወልድ እኛ ዘንድ መጥታለች። የመጀመሪያ ልጇን ያጣችው ድልድዩ ላይ ነው። ወደ ማዶው ትልቅ ሆስፒታል ስንወስዳት መኪና ከመኪና ተቆላልፎ ታክሲ ውስጥ ወለደች። ሕፃኑ አላለቀሰም። ከዚያ ወዲህ ነው ሠፈሩ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ግንበኛው ያለ ክፍያ ገንብቶ፣ ጤና ጣቢያችን ውስጥ የማዋለጃ ክፍል የተሠራው። አሁን እሷ ልትወልድ ስትቃረብ አስተዳደሩ ክፍሉ ላይ ጓጉንቸር አንጠለጠለበት። «ከማዶው ሆስፒታል ጋር ተቀናጅቷል» ተባለ። የተቀናጀው ምን እንደሆነ እኔ እንጃ፤ ጓጉንቸሩን ግን በዓይኔ አይቻለሁ።

አቤት ያላልንበት የለም። «እናየዋለን» አሉን። በራቸው ላይ የተሰበሰቡትን ፖሊስ በተናቸው፤ ጎረቤታችን መምህሩ ታስሮ ከወጣ በኋላ ሰላምታ እንኳን በለሆሳስ ሆነ። ሁለት ሰው ቆሞ ሲያወራ ሦስተኛው መንገድ መቀየር ጀመረ። ባሌማ በሬዲዮ ጩኸት ሁሉ ይደነግጥ ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን ግንበኛው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ ባሌ ቀኝ ጎኑን ጨርሶ ወደ ግራው ሲዞር መብራት ጠፋ። ቶንዶዙ ዝም አለ። መቀስ እንዳይጠቀም መቀሱን ሞራጅ ወስዶታል። ግንበኛው ደግሞ አስተዳደሩ ቢሮ ቀጠሮ ነበረው። ቢጠብቅ ቢጠብቅ መብራቱ አልመጣ ሲለው በግማሽ ራሱ ሄደ። እዚያ ባለጉዳይ በሞላበት ክፍል የአስተዳደሩ ኃላፊ «አንተ ሰው፣ ምን ሆነህ ነው?» አሉት።

«ፀጉር ቤቱም እንደ ጤና ጣቢያው ሆነብኝ ጌታዬ፤ ግማሹን ከሠራ በኋላ ዘጋብኝ» አለ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ቀን በፊት በዚያ ቢሮ ሳቅ ተሰምቶ እንደማያውቅ እምላለሁ።

ግንበኛው ሌላውን ጎን ሊያስጨርስ ሲመጣ መብራት ነበረ። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አሰበና «ተወው፣ እንዲሁ ይሁን» ብሎ ተነሣ። በማግስቱ ጓደኞቹ መጡ፤ «እኔንም እንደሱ።» ከዚያ አናጢው፣ የዳቦ ቤቱ ሰውዬ፣ መምህሩም ጭምር። በየሄዱበት ያያቸው ሁሉ «ምን ሆናችሁ ነው?» ይላል፤ እነሱም የተዘጋውን ክፍል ያነሡለታል፤ ለጠየቀ ሰው መመለስ ደግሞ ገና ወንጀል አልሆነም። ሴቶቹም አልቀረንም፤ ግማሹን ተሠርተን ግማሹን እንዲሁ ለቀቅነው። እኔ በዚህ ዕድሜዬ በግማሽ ሹሩባ ገበያ ወጣሁ።

ነገሩ በሠፋ ቁጥር ባሌ ከሳ። ሞተር ሳይክል ባለፈ ቁጥር ማበጠሪያው ከእጁ ይወድቃል። እኔ ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ፤ የሰው ራስ እያጎደለ የሱ ሙሉ ነበር።

«ምነው፣ ያንተን ራስ ማን አከበረው?» አልኩት።

«ቆይማ» አለ ወደ መጋረጃው እያየ። «እኔ ከታሰርኩ እሷን ማን ይሸከማታል?»

ልጄን ማታ ማታ ሆዷን ይዛ ስታቃስት ስሰማ እኔም የማስበው ድልድዩን ብቻ ነበር።

በመጨረሻ ኃላፊው ራሳቸው መጡ። ሁለት ሰው በር ላይ አቁመው ገቡና ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። የሚቆረጥ ፀጉር ያላቸው ሰው አይደሉም። እኔና ልጄ መጋረጃው ጀርባ እጅ ለእጅ ተያይዘን ቆምን።

«ራስህን አየሁት» አሉት፤ «ምራቁን የዋጠ ሰው ነህ። ልጅህ ደርሳለች አሉ። የመሥሪያ ቤቱን መኪና እዚህ በርህ ላይ አቆምልሃለሁ፤ በፈለገችው ሰዓት ይወስዳታል። አንተ ብቻ የመጣውን ሁሉ ሙሉ ራሱን ቁረጥ። ሌላ ምንም አልጠይቅህም።»

እውነቱን ልናገር፣ «እሺ በል» እያልኩ ነበር በልቤ። የሠፈሩ ሁሉ ራስ ተላጭቶ ይለቅ፣ ልጄ ትዳንልኝ አልኩ።

ባሌ «ቆይማ» አለ። ላቡ በጆሮው ሥር ሲወርድ በመጋረጃው ቀዳዳ ይታየኛል። ከዚያ በማላውቀው ድምፅ፣ «ጌታዬ፣ የርስዎም መኪና ቢሆን እኮ ድልድዩን አይዘልም» አለ።

መጋረጃውን ገልጦ ቶንዶዙን እጄ ላይ አኖረው። ወንበሩ ስለተያዘ ተራ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ተቀመጠና አንገቱን ሰበረልኝ። «በይ» አለ። በሕይወቴ የሰው ፀጉር ቆርጬ አላውቅም። በኃላፊው ፊት የባሌን ግማሽ ራስ ላጨሁ፤ ጆሮውንም ጫር አድርጌዋለሁ። ኃላፊው እስክጨርስ አይተው፣ «እንተያያለን» ብለው ወጡ።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ቀናት እንዴት እንዳለፍናቸው አላውቅም። በር በተንኳኳ ቁጥር ሊወስዱት የመጡ ይመስለኛል።

ምጡ የመጣው ገበያ በደራበት ሰዓት ነው። ልጄ «እማዬ!» ብላ ምሰሶውን ያዘች። ድልድዩ ከጧት ጀምሮ እንደተዘጋ ሰምተናል። ባሌ በጀርባው አዘላትና ወደ ጤና ጣቢያው አቀና። ግማሽ ራሶቹ ሁሉ ከየበራቸው ወጡ። ግንበኛው ተቀበለው፣ አናጢው አገዘው፤ የጤና ጣቢያው አዋላጅ ነርስ ካለችበት ሽርጧን እያሠረች ከኋላ ሮጠች።

የማዋለጃው በር ላይ ኮፍያውን በፀሐይም በዝናብም የማያወልቀው የጤና ጣቢያው ዘበኛ ቆሟል። «ትእዛዝ አለብኝ» አለ። ልጄ ጮኸች። ማንም አልገፋውም፣ ማንም አልሰደበውም። ባሌ ብቻ ፊቱ ቆሞ ዓይን ዓይኑን አየው፤ ያን ቀን «ቆይማ» አላለም።

ዘበኛው ኮፍያውን አወለቀ። ግማሽ ራሱ ተላጭቷል። ኮፍያው ውስጥ የሸሸገውን ቁልፍ አውጥቶ፣ ጥቂት ታግሎ ጓጉንቸሩን ከፈተው።

ሕፃኗ እንደተወለደች ወዲያው አለቀሰች፤ ልቅሶዋን ስሰማ እኔም ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስኩ። በኋላ ባሌን «ዘበኛውን መቼ ላጨኸው? ለኔስ ለምን ደበቅከኝ?» ብዬ ተቆጣሁት። «አንቺ ካወቅሽ ገበያው ያውቃል» አለኝ። አልተጣላሁትም፤ እውነቱን ነው።

ዘበኛውን ከሥራው አባረውታል። አሁን እኛ ቤት ፎጣ የሚያጥበው እሱ ነው። ክፍሉን መልሰው አልዘጉትም፤ ይከፈት የሚል ትእዛዝም አልመጣም። ጧት ጧት ዳቦ ልገዛ ስወጣ አስቀድሜ የማየው ጓጉንቸሩ ተመልሶ እንደሆነ ነው። የልጅ ልጄ ራሷ ሙሉ ፀጉር ነው። ባሌ ደረቱ ላይ አስተኝቷት ሳለ፣ «በል እንግዲህ፣ ያንን የቀረውን ጎን ልጨርስልህ» እለዋለሁ።

«ቆይማ» ይለኛል።