ጉርሻ በአጥሩ በኩል

በስልኬ በጻፍኩት ነገር አዳማ ላይ ተይዤ የእስር ክፍሉ ሲከፈትልኝ፣ መጀመሪያ የተቀበለኝ የላብና የበረኪና ሽታ ነበር። በቀትሩ ሙቀት ሁሉም አሸልቧል። ነቅቶ ያገኘሁት በሩ ሥር የተቀመጠ አንድ ወጣት ብቻ ነው። ምንም ሳይጠይቀኝ ፍራሹን አጋራኝ።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ እሱም እንደኔ በፖለቲካ ነው የገባው። የፖሊስ ኮቴ በሰማ ቁጥር ይነቃል። «ይሄኛው ዛሬ ተናዷል፤ ውሃ እንዳትጠይቁት» ይለናል፤ ሲሳሳት አላየሁም። ከየት እንደተማረው ጠየቅሁት።

«አባቴ ይጠጣል፣ ጋሼ። በሩን ሳይከፍት ካረማመዱ ነው የማውቀው። ደህና እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም።»

ሰው ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ፊቱ ይገረጣል። ሆኖም በክፍሉ ጠብ ሲነሳ መሃል ገብቶ የሚያበርደው እሱ ነበር። አደንቀዋለሁ፤ ደግሞም አንጀቴን ይበላኛል።

አንድ እሑድ አባቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊጠይቀው መጣ። እኔም ጠያቂ መጥቶልኝ አጥሩ ጋ ነበርኩ። በጣቢያው ደንብ ምግብ ያመጣ ሰው ፖሊሱ ፊት ካልቀመሰ ምግቡ አይገባም። ሽማግሌው ቆርሶ ሊጎርስ ሲል እጁ ተንቀጠቀጠና ወጡ ሸሚዙ ላይ ፈሰሰ። ደግሞ ሞከረ፤ ያው ሆነ።

«አባት፣ ጠጥተው ነው እንዴ የመጡት?» አለ ፖሊሱ። «ይዘውት ይመለሱ።»

ሽማግሌው አንገቱን ደፍቶ ሳህኑን መክደን ጀመረ። እንዲህ ተዋርዶ ከሄደ ዳግመኛ እንደማይመጣ ለሁላችንም ታይቶናል።

ልጁ ወደ አጥሩ ተጠጋ።

«አባቴ አልጠጣም» አለ ድምፁን ሳያነሳ። «ሲጠጣማ እጁ አይንቀጠቀጥም። ለኔ ብሎ ሳይጠጣ ስለመጣ ነው። ከፈቀዱልኝ እኔ ላቅምሰው።»

ፖሊሱ ትንሽ አሰበና «ቶሎ በል» አለው።

ልጁ በሽቦው ቀዳዳ እጁን አሾልኮ አባቱን አጎረሰው። ሽማግሌው አኝኮ ሲውጥ ፖሊሱ «በቃ፣ ይግባ» አለ። ልጁ ግን ሌላ ጠቀለለ።

«አንድ ያጣላል፣ አባዬ» አለው።

ያን ቀን ከዚያ ሳህን ሁላችንም በላን። ልጁም ሲያወራ ዋለ።

ከተፈታን ቆይቷል። ባለፈው ሰሞን ልጁ ደወለልኝ። አባቱ መጠጡን አንዳንዴ ይተዋል፣ አንዳንዴ ይመለስበታል።

«እንቅልፍስ?» አልኩት።

«እየለመድኩት ነው፣ ጋሼ» አለኝ።