በብብታቸው ጀርም ያሞቁት ጋሽ ሰይድ

የላቦራቶሪው ጋሽ ሰይድ ሰኞ ጠዋት አረፉ። ልባቸው ነው ተባለ። ከሰዓት ቀበርናቸው። ከፋሲሎ እስከ ሐሙሲት የምታውቋቸው ሁሉ መጥታችሁ አልቅሳችኋል፤ ግማሾቻችሁ ግን ያን እንባ ከየት እንዳመጣችሁት እንጃ።

እኔ የእህታቸው ልጅ ነኝ። ከስምንተኛ ክፍል የወጣሁ ስለሆነ ቃል ማሳመር አልችልም።

ሁላችሁም በምታስታውሱት በዚያ ክረምት የደም ተቅማጥ ሰፈራችን ገባ። እህቴ ዘይነብም ታማ ተኝታ ነበር። አጎቴ ከጉድጓዳችን ውሃ ቀድተው ጀርሙን አሳደጉት። ጀርም የሚሞቅበትን የኤሌክትሪክ ሳጥናቸውን ግን የቀበሌው ሊቀመንበር ወስዶ የዶሮ እንቁላል ያስፈለፍልበታል። ስለዚህ ጀርሙ በብርድ መደርደሪያ ላይ አደገ። በሽታ ማምጣቱን ለመፈተን ጥንቸል ዓይን ላይ ጠብ ቢያደርጉት ዓይኗ ምንም አልሆነ። ይኸን ጊዜ ሊቀመንበሩ ስብሰባ ጠርቶ «ጉድጓዱ ንጹሕ ነው» አለ።

አጎቴ ተነሡ። «ጓድ፣ ይኸ ጀርም ሲበርደው አይናከስም። የሚወጋበትን ፕሮቲን የሚሠራው እንደ ሰው ሆድ ሲሞቀው ነው። ሳጥኔን ይመልሱልኝ።»

«ጫጩቶቹን የት ላድርጋቸው ታዲያ? ብብት የለህም እንዴ ጓድ ሰይድ? እዚያ አሙቀው።»

ሳቃችሁ። ማን ማን እንደሳቀ አውቃለሁ፤ አንዳንዱማ ልጁን ደም እያስቀመጠው ነው የሳቀ።

እሳቸው አልሳቁም። ያንኑ ጀርም በብልቃጥ አድርገው፣ በጨርቅ ጠቅልለው ብብታቸው ሥር አሰሩት። ክንዳቸውን እንደገጠሙ በሉ፣ እንደገጠሙ ተኙ። እናንተ በመንገድ ስታይዋቸው «ባለ ጫጩቱ፣ ፈለፈሉ ወይ?» ትሉ ነበር። «ደርሷል ልጄ፣ አንተም ታየዋለህ» ይሉ ነበር።

ያን ከብብታቸው የወጣ ጀርም ጠብ ሲያደርጉት የጥንቸሏ ዓይን አብጦ ተዘጋ። አቅፈው ወስደው ሊቀመንበሩ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጧት። «ያው ጀርም ነው ጓድ። የተለወጠ ሙቀቱ ብቻ ነው።» ጉድጓዱ ተዘጋ። ዘይነብም ተነሣች።

ሰኞ ዕለት ያ ሊቀመንበር መቃብር ላይ ቆሞ «ጉድጓዱን በጊዜ ያስዘጋው አመራራችን» ሲል ሰማሁት። እናንተም በእሺታ ራሳችሁን ነቀነቃችሁ። ሳጥኑ ዛሬም ቤቱ ጫጩት ይፈለፍላል። ይኸን ስለጻፍሁ ከፈለገ ይሰረኝ።

አጎቴ፣ ገላዎን ያጠብሁት እኔ ነኝ። ብብትዎ ሥር ጨርቁ የበላው ጠባሳ አለ። ከሳቁት አንዱ ውሃ ላቀብል ብሎ መጣ፤ በር ላይ መለስሁት። ጠባሳው ላይ ውሃውን ለብ አድርጌ፣ ቀስ ብዬ አፈሰስሁት። በሰላም ይተኙ፤ ክንድዎን ዘርግተው።